የቫይኪንጎች መርከብና የድሬ ዳዋ አናጢ

ድሬ ዳዋ የባሕር ከተማ አይደለችም። መካከሏን ሰንጥቆ የሚያልፈው ደቻቱ እንኳ ከዓመቱ የሚበዛውን ጊዜ አሸዋውን ገልጦ የሚኖር ወንዝ ነው፤ በሞላ ጊዜም ታንኳ የሚቀዘፍበት ሳይሆን ቤት የሚያፈርስ ነው። ይሁን እንጂ ከተማዪቱ የተቈረቈረችው እ.ኤ.አ. በ1902 ዓ.ም. ከጅቡቲ የተነሣው የባቡር ሐዲድ ከዚህ በደረሰ ጊዜ ስለ ሆነ፥ የንግዷ ሥር ወደ ባሕር የተዘረጋ ነው። ከውጭ አገር መጥቶ በቀፊራ የሚሸጠው ጨርቅም ብረትም መስታወትም አስቀድሞ በመርከብ ሆድ ውስጥ አድሮ የመጣ ነው። ነጋዴው የመርከቡን ስም በጭነት ሰነዱ ላይ ያነባል፤ መርከብ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

በሌላው ዓለም ይህን ጥያቄ በእጃቸው የሚመልሱ ሰዎች አሉ። ማታ ከሥራቸው በተመለሱ ጊዜ በጠረጴዛቸው ላይ የትልቁን መርከብ መልክ በትንሹ ከእንጨት ይሠራሉ። ከእነርሱም መካከል ብዙዎቹ የሚመርጡት፥ የዛሬ 1,100 ዓመት ገደማ የኖርዌይና የዴንማርክ ሰዎች ይዘምቱበትና ይነግዱበት የነበረውን የቫይኪንግ መርከብ ነው። ሥራው በሁለት መንገድ ይከናወናል። አንደኛው፥ ተቈርጦና ተቈጥሮ በሣጥን የሚሸጠውን ገዝቶ መገጣጠም ነው። ሁለተኛው ግን ከእንጨቱ ጀምሮ ሁሉን በገዛ እጅ ማውጣት ነው። የምድር ባቡሩ ዋና ወርክሾፕ በነበረባት፥ ብረትና እንጨት የሚያውቁ እጆች በተለማመዱባት ከተማ፥ ሊነገርለት የሚገባው ሁለተኛው ነው።

ለዚህ ሥራ ምሳሌ የሚሆነው ዋናው መርከብ፥ እ.ኤ.አ. በ1880 ዓ.ም. በኖርዌይ ጎክስታድ በሚባል እርሻ ከጉብታ ሥር ተቈፍሮ የወጣው ነው። በ890 ዓ.ም. ገደማ የተሠራ ሲሆን፥ ርዝመቱ ከ23 ሜትር ይበልጣል፤ ወርዱም 5 ሜትር ከጥቂት ነው። የአገሩ ሰዎች አንድ ባለማዕርግ በሞተባቸው ጊዜ መርከቡን መቃብር አድርገውለት፥ ፈረሶችና ውሾች ጨምረው ቀበሩት፤ ሰማያዊው የሸክላ አፈርም እንጨቱን ከመበስበስ ጠበቀው። ለነጋዴ ዓይን ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን በመቃብሩ ውስጥ የጣዎስ አጥንት መገኘቱ ነው። ጣዎስ የሕንድ ወፍ ነው። በመጽሐፈ ነገሥት የሰሎሞን መርከቦች ያመጡት እንደ ነበረ የተጻፈው ወፍ፥ በየስንት ነጋዴ እጅ ተላልፎ ከዚያ በረዶ አገር እንደ ደረሰ የሚነግር ደረሰኝ ግን አልተገኘም።

ወደ አሠራሩ እንመለስ ቢባል፥ የቫይኪንግ መርከብ ምሥጢር በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። የዛሬ አናጢ ጀልባ ሥራ ቢባል፥ መጀመሪያ የጎድን አጥንቶቹን ያቆምና ሳንቃውን በላያቸው ይመታል። የሰሜን ሰዎች ያደርጉ የነበረው ተቃራኒውን ነው። ከታች እንደ ጀርባ አጥንት የሚሆነውን ወጥ ግንድ ይዘረጉና ከፊትና ከኋላ ቀስቶቹን ያቆማሉ፤ ከዚያም ሳንቃውን አንዱን በአንዱ ላይ ጥቂት እያስደረቡ፥ በድርቡም ላይ የብረት ምስማር እየመቱና ጫፉን እየቀጠቀጡ፥ ቅርፊቱን ብቻውን እስከ ላይ ያደርሱታል። የጎድን አጥንቱ የሚገባው ከዚህ በኋላ፥ በቅርፊቱ ልክ ተጠርቦ ነው። በድርቡ መካከል ቅጥራን የነከረው የሱፍ ፈትል ይገባል። የጎክስታዱ መርከብ በየጎኑ 16 ሳንቃ አለው። ከውኃ በታች የሚውሉት ሳንቃዎችም ከጎድን አጥንቱ ጋር የተያያዙት በምስማር ሳይሆን በማሰሪያ ነው።

ይህ ማሰሪያ ድኽነት ወይም አለማወቅ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። እ.ኤ.አ. በ1893 ዓ.ም. ማግኑስ አንደርሰን የተባለ የኖርዌይ ሰው የጎክስታዱን መርከብ በሙሉ መጠኑ አሠርቶ ከበርገን ተነሣና አትላንቲክን በ28 ቀን ተሻገረ። ማዕበሉ በመታው ጊዜ የመርከቡ ከንፈር እስከ 15 ሳንቲሜትር ድረስ እየተጣመመ ይመለስ እንደ ነበረ፥ ነገር ግን ውኃ እንዳላስገባ ተናግሯል። የታሰረ ነገር ይለመጣል፤ የተቸነከረ ግን ይሰነጠቃል። በእኛም ባሕር ቢሆን ይህ ጥበብ እንግዳ አልነበረም። በ6ኛው መቶ ዓመት፥ ዐፄ ካሌብ ቀይ ባሕርን ተሻግረው ሒምያርን በወጉበት ዘመን የነበረው የታሪክ ጸሐፊ ፕሮኮፒዮስ፥ በዚህ በኩል ያሉት መርከቦች በብረት ምስማር ሳይሆን በገመድ የተሰፉ እንደ ነበሩ ጽፎአል።

እንግዲህ በጠረጴዛ ላይ ሊሠራ የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚወስነው ልኩን ነው። አንዱን ለ50 ቢያደርገው መርከቡ 47 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል፤ ለመደርደሪያም ይመቻል። ዳሩ ግን የእውነተኛው ሳንቃ ውፍረት 2 ሳንቲሜትር ተኩል ያህል ስለ ሆነ፥ በዚህ ልክ ግማሽ ሚሊሜትር ይወጣዋል፤ ይህም ከወረቀት የሚቈጠር ነው። ስለዚህ አንዱን ለ25 ማድረግ ይሻላል። መርከቡ 93 ሳንቲሜትር፥ ወርዱ 21 ሳንቲሜትር፥ ሳንቃውም 1 ሚሊሜትር ይሆናል። ይህን ያህል የቀጠነ ሳንቃ በመላጊያ ማውጣት የሚችል አናጢ ከተገኘ የሥራው እኩሌታ እንዳለቀ ይቈጠራል።

እንጨቱን በሚመለከት፥ ቫይኪንጎቹ ኦክ የሚባለውን ጠንካራ ዛፍ በመጋዝ ሳይሆን በሽብልቅ እየፈለጡና በመጥረቢያ እየጠረቡ ይሠሩ ነበር። ፍልጥ የእንጨቱን ጅማት ተከትሎ ስለሚሄድ ሳንቃው ቢቀጥንም አይሰበርም። በአገራችን ለዚህ የሚቀርበው ጥድ ነው፤ ቀጥ ብሎ ይፈለጣል። ዋንዛ ለመጥረብ የለሰለሰ ነው፤ ዝግባም ጅማቱ ስለማይጐላ ለትንሽ ሥራ ያምራል። ለታችኛው ግንድ ወይራ ይስማማዋል። አገር በቀሎቹን ዛፎች ለዚህ ብሎ መቍረጥ ሕጉም ኅሊናም አይፈቅዱትም፤ ደግሞም አያስፈልግም፤ ከአናጢ ቤት የሚጣለው ቍራጭ ይበቃል። አንድ ነገር ግን መዘንጋት አይገባም። ከደጋ የመጣ እንጨት በድሬ ዳዋ ደረቅ ሙቀት ይኰማተራል። ሳምንታት በጥላ ሳይቀመጥ ኮላ የተቀባ እንደ ሆነ፥ ድርቡ በራሱ ጊዜ ይከፈትና የወር ድካም ከንቱ ይሆናል።

ከዚያም ከኮምፔርሳቶ የተቈረጡ መልክ መያዣዎች በግንዱ ላይ ይቆማሉ። እነዚህ ኮላ አይነካቸውም፤ ኋላ የሚወጡ ናቸውና። በሣጥን የሚሸጠው መርከብ ስሕተቱ ከዚህ ላይ ነው፤ መልክ መያዣውን በውስጡ ለዘለዓለም ስለሚያስቀር፥ ሠሪው የቫይኪንግን መልክ እንጂ የቫይኪንግን አሠራር አያገኝም። ሳንቃው በፈላ ውኃ ይዘፈዘፋል፤ በጋለ ቧንቧ ላይ ቀስ እየተባለ ይለመጣል፤ ከታችኛው ላይ ከ1 ሚሊሜትር ጥቂት አልፎ ይደረባል፤ ኮላው እስኪይዝም በልብስ መቈንጠጫ ይያዛል። አንዱን በግራ ካስቀመጡ ቀጣዩን በቀኝ ማስቀመጥ ግድ ነው፤ ግራውን ብቻ ጨርሶ ወደ ቀኝ የሚዞር ሰው፥ ግንዱ ተጣምሞ መርከቡ ወደ አንድ ወገን ሲያይ ያገኘዋል።

የምስማሩ ነገር ትዕግሥትን ይፈትናል። ከአሮጌ የኤሌክትሪክ ሽቦ የወጣ ቀጭን መዳብ እየቈረጡ በየ7 ሚሊሜትሩ ቢያስገቡ፥ ለ32ቱ ሳንቃዎች የሚያስፈልገው ወደ 4,000 የሚጠጋ ነው። ብዙ ሰዎች ከዚህ ላይ ሲደርሱ በእርሳስ ነጥብ ያልፉታል። ከሁለት ክንድ ርቆ የሚያይ ሰው ልዩነቱን አያውቅም፤ በእጁ የያዘው ግን ያውቃል። ከዚህ በኋላ መልክ መያዣው ይወጣል፤ ቅርፊቱም ባዶውን ይቆማል። ቢጫኑት ይለመጣል፤ ቢለቁት ይመለሳል፤ አንደርሰን በአትላንቲክ ላይ ያየው ይኸው ነው።

የቀረው እንደ ጌጥ ያለ ሥራ ነው። ሸራው ከታጠበ አቡጀዲ ይሠራል፤ አቡጀዲው ከወፈረ ነጠላ ይሻላል። መሪው መቅዘፊያ ከኋላ በቀኝ ጎን ይታሰራል። በየጎኑ 32 ጋሻ፥ አንዱ ቢጫ አንዱ ጥቍር እየሆነ ይደረደራል፤ እንዲህ ተቀብተው ተገኝተዋልና። የዘንዶ ራስ ግን በጎክስታዱ መርከብ አልተገኘም፤ የቀስቶቹ ጫፍ በስብሶ ነበር። ገዢ ሁሉ ዘንዶውን ይፈልጋል፤ ሻጭም ያስገባለታል። ለገበያ ብሎ ዘንዶ የሚቀርጽ ሰው የሚነቀፍ አይደለም፤ እውነተኛው ቅጂ ነው ብሎ ከሸጠው ግን ሌላ ነገር ነው።

እንዲህ ያለው ትንሽ ሥራ ለምን ይጠቅማል የሚል ነጋዴ ሊኖር ይችላል። መልሱ በኦሰበርግ መርከብ ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ይህ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1904 ዓ.ም. ተሰባብሮ እንዳለ ተቈፍሮ ወጥቶ ቍርጥራጩ እንደገና ተገጣጠመ። በ1987 ዓ.ም. በሙሉ መጠን ቅጂው ተሠራ፤ በሚቀጥለው ዓመት ለፈተና ሸራ በገለጠ ጊዜ ሰጠመ። ታዲያ የቫይኪንጎቹ አናጢዎች አያውቁም ነበርን? ሊቃውንቱ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ እያንዳንዱን ቍራጭ እንደገና ለኩና ትንሽ ምሳሌ ሠሩ። ቍራጮቹ በትንሹ ሲገጠሙ፥ የፊተኛው ክፍል የታችኛው ሳንቃ በመጀመሪያው ግጥም ተሳስቶ እንደ ነበረ ታየ። ትንሹ መርከብ በውኃ ገንዳ ተፈተነ፤ በእርሱም ልክ የተሠራው ትልቅ መርከብ በ2012 ዓ.ም. ቶንስበርግ ላይ ወደ ውኃ ወርዶ በደኅና ሄደ። ጥፋቱ የጥንቱ አናጢ ሳይሆን የገጣጣሚው ነበረ።

ይህን የሚመስል ነገር በኢትዮጵያ ሣርም ላይ ደርሶአል። የኖርዌዩ ተወላጅ ቶር ሄየርዳል የጥንት ግብጻውያን በደንገል መርከብ አትላንቲክን ሊሻገሩ ይችሉ እንደ ነበረ ለማሳየት በፈለገ ጊዜ፥ ደንገሉን ያስቈረጠው ከጣና ሐይቅ ነው። መርከቡን ግን ያሰሩለት ከቻድ ሐይቅ የመጡ ሰዎች ነበሩ። «ራ» የተባለው ይህ መርከብ በግንቦት ወር እ.ኤ.አ. 1969 ዓ.ም. ከሞሮኮ ሳፊ ሰባት ሰዎች ይዞ ተነሣ። በጥንቱ የግብጽ ሥዕል ላይ የተቈለመመውን የኋላ ጭራ ከመርከቡ ወለል ጋር የሚያያይዝ አንድ ገመድ ይታያል። ገመዱ ለውበት ብቻ የተደረገ መስሎአቸው ተዉት። በባሕሩም መካከል ጭራው እየወረደ ሄደ፤ ማዕበሉ በኋላ በኩል ገባ፤ በሐምሌ ሰዎቹ መርከቡን ትተው በሌላ ጀልባ ዳኑ። በሚቀጥለው ዓመት እንደገና ከኢትዮጵያ ደንገል፥ በቦሊቪያ የቲቲካካ ሐይቅ ሰዎች እጅ የተሠራው «ራ 2» ግን በ57 ቀን ባርባዶስ ደረሰ። ዛሬ ይህ መርከብ በኦስሎ ቢግደይ በተባለው ሰፈር በኮንቲኪ ሙዚየም ቆሞአል። ከእርሱ ብዙ ሳይርቅ ጎክስታድና ኦሰበርግ የሚኖሩበት ሙዚየም ይገኛል፤ እርሱም በ2022 ዓ.ም. ለማስፋፋት ተዘጋ። የጣና ሣርና የሰሜን ኦክ ጎረቤት ሆነዋል ማለት ነው፤ የወይጦ ሰው እጅ ግን በዚያ መርከብ ላይ የለበትም።

የወይጦ እጅ የሚታየው በባሕር ዳር ነው። በዚያ ትንንሽ የደንገል ታንኳዎች ተሠርተው ለመንገደኛ ይሸጣሉ፤ ሠሪዎቹም ትልቁን ታንኳ የሚያውቁ ስለ ሆኑ ትንሹ አይዋሽም። የድሬ ዳዋ አናጢ ቢያስብበት፥ ከቫይኪንጉ ይልቅ ገዢ የሚያገኝለት የዔደንና የጅቡቲ ሳምቡክ ሊሆን ይችላል። የዚህችን ከተማ ጭነት ከባሕር ማዶ ካመላለሱት አንዱ እርሱ ነውና። ግን ሳምቡክን በትክክል ሊሠራ የሚፈልግ ሰው ወደ ወደቡ ወርዶ በሜትር ለክቶ መምጣት አለበት። የጎክስታድ ሥዕል ግን ተለክቶና ታትሞ የቆየ ስለ ሆነ፥ እጅን ለማሟሸት የሚመቸው እርሱ ነው።

ለመላክ የሚያስብ ሰው ደቀሉን በኮላ አይጣብቀው። እውነተኛው መርከብ ደቀሉን አውርዶ ያስተኛ ነበር፤ ትንሹም እንዲሁ ቢያደርግ የሣጥኑ ቁመት በእጅጉ ይቀንሳል። ላኪዎች እንደሚያውቁት፥ ቀላል ሆኖ ቦታ የሚይዝ ዕቃ ኪራዩ የሚታሰበው በክብደቱ ሳይሆን በሚይዘው ስፍራ ነው። ጋሻዎቹ ለብቻ በወረቀት ይጠቀለሉ፤ የሣጥኑ ባዶ ስፍራም ከዚያው ከአናጢው ወለል በተጠረገ ደረቅ ሰጋቱራ ይሞላ።