ስለ ቀይ ብርሃን የፊት ጭምብል

በሰፈራችን የምትኖር አንዲት የሦስት ልጆች እናት የመጨረሻውን ልጇን ከወለደች ወዲህ በጉንጮቿና በግንባሯ ላይ ማድያት ወጣባት። ከዚህም የተነሣ ሰው ያየኛል በማለት በቅዳሴ ጊዜ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ ተከናንባ ከሁሉ ኋላ ትቆም ጀመር። በአሜሪካ አገር የምትኖር እኅቷ ይህን ሰምታ በውስጡ ጥቃቅን ቀያይ መብራቶች ያሉበትን የፊት ጭምብል ላከችላት። እርሷም ዕቃውን ይዛ ወደ ቤታችን መጥታ፣ «መምህር፣ ይህን ባደርገው ኃጢአት ይሆንብኛልን? ደግሞስ ያድነኛልን?» ስትል ጠየቀችን።

ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ አጭር ነው። ሰውነትን ማከም ኃጢአት አይደለም። መጽሐፈ ሲራክ ባለመድኃኒትን ማክበር እንደሚገባ ያስተምረናል፤ ወንጌላዊው ቅዱስ ሉቃስም ሐኪም ነበረ። ሁለተኛው ጥያቄ ግን ምርመራ የሚያስፈልገው ስለ ሆነ፣ የደረስንበትን ለሌሎችም ቤተ ሰቦች ይጠቅማል ብለን ጽፈነዋል።

በብርሃን ማከም አዲስ ነገር አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 ዴንማርካዊው ሐኪም ኒልስ ፊንሰን የቆዳን ቲቢ በብርሃን በማከሙ የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። በ1962 አሜሪካዊው ኒክ ሆሎንያክ ቀይ ብርሃን የሚሰጠውን ኤል ኢ ዲ የተባለውን ጥቃቅን መብራት ሠራ። በ1967 ደግሞ በቡዳፔስት ከተማ ኤንድሬ ሜስተር የተባለው ሐኪም ጠጕራቸው በተላጨ አይጦች ላይ ደካማ የሌዘር ቀይ ብርሃን ቢያበራ፣ ጠጕራቸው ፈጥኖ ሲበቅል ተመለከተ። የዛሬው ጭምብል የነዚህ ሥራዎች ልጅ ነው።

የጭምብሉ ቀይ ብርሃን ቆዳን የሚያቃጥለው የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የለበትም። የሞገዱ ርዝመት አብዛኛውን ጊዜ ከ630 እስከ 660 ናኖ ሜትር ነው። ሊቃውንቱ እንደሚያስረዱት፣ በሕዋሳት ውስጥ ኃይል የሚያመነጨውን ማይቶኮንድርያን ያነቃቃል፤ ቆዳን የሚያጠነክረው ኮላጅንም እንዲሠራ ይረዳል። ስለዚህ ጥቃቅኑን የፊት መጨማደድ በመጠኑ ሊቀንስ፣ ከሰማያዊ ብርሃን ጋር ሲሆንም ቀላል ብጉርን ሊያሻሽል ይችላል። ይሁን እንጂ የቤቱ መሣሪያ ከሐኪም ቤቱ ይልቅ ደካማ ስለ ሆነ፣ በሳምንት ብዙ ጊዜ፣ በየጊዜውም 10 ደቂቃ ያህል፣ ለብዙ ሳምንታት በትዕግሥት መደረግ አለበት። ከተወሰነው ደቂቃ ማሳለፍ ጥቅሙን አያበዛም።

ነገር ግን እኛ ልናስተውለው የሚገባ ሌላ ነገር አለ። ጠይምና ጥቁር ቆዳ በዓይን ከሚታየው ብርሃንና ከሙቀት የተነሣ ከነጭ ቆዳ ይልቅ በቀላሉ ይጠቍራል። ማድያትም በብርሃንና በሙቀት የሚብስ ሕመም ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን መመሪያ ለዚያች እናት ስናነብላት፣ ማድያት ያለበት ሰው አስቀድሞ ሐኪም እንዲጠይቅ የሚያዝ ቃል በመጨረሻው ገጽ በደቃቅ ፊደል ተጽፎ አገኘን። ይጠፋልኛል ያለችው ጥቁረት ሊጨምርባት ይችል ነበር።

ለዓይንም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ2019 በአሜሪካ ይሸጥ የነበረ አንድ የታወቀ የብጉር ጭምብል፣ የዓይን ሕመም ያለባቸውን አንዳንድ ሰዎች እንዳይጎዳ ሲባል ከገበያ ተሰብስቧል። ሉፐስ የተባለው ሕመም ያለበት ሰው፣ ወይም ቆዳን ለብርሃን ስስ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስድ፣ ለምሳሌ ለብጉርና ለወባ መከላከያ የሚሰጠውን ዶክሲሳይክሊን፣ ሐኪም ሳይፈቅድለት ጭምብሉን አያድርግ። የተፈቀደለትም ፊቱን ታጥቦ ያድርቅ፤ ዓይኑን ይከልል፤ ቆዳው ቢጠቁር ወይም ቢያቃጥለው ወዲያውኑ ይተው።

ያች እናት ምክራችንን ሰምታ ወደ ቆዳ ሐኪም ሄደች። ሐኪሙም ጭምብሉን እንድትተወው ነግሯት፣ ፀሐይን የሚከላከል ቀለም ያለበት ቅባት አዘዘላት። ለእኅቷ ግን ዕቃው አልጠቀመኝም ብላ ከመጻፍ ይልቅ፣ ስላሰበችልኝ አመሰግናለሁ ብላ መጻፍን መረጠች።

ማድያቱ ገና አልጠፋም። ባለፈው እሑድ ግን ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ልጆቿን ይዛ፣ በቀድሞው ቦታዋ ቆማ አየናት። እንግዲህ ውድ አንባቢዎቻችን፣ ከወዳጅ የተላከልንን ዕቃ በፍቅር እንቀበል፤ በፊታችን ላይ ከማድረጋችን በፊት ግን ሐኪም እንጠይቅ። የታመመውንም ሰው ፊቱን አይተን አናሳፍረው።