የጠፋው ጽሑፍ የት ገባ?

ባለፈው ሳምንት ሰልፍ ላይ የሚነበበውን ጽሑፋችንን ሳላውቅ ከኮምፒውተሩ ላይ አጠፋሁት። ሁለት ቀን ለፍተንበታል፤ ላብ በላብ ሆንኩ! መምህራችን ግን «አይዞህ፣ ናውቲለስን ክፈተው» አሉኝ።

ናውቲለስ ምንድን ነው? ሊኑክስ በተጫነባቸው ብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ፋይሎችን የሚያሳየን፣ የሚፈልግልንና ከቦታ ቦታ የሚያዛውርልን ፕሮግራም ነው። አሁን «ፋይልስ» ይባላል። ልክ እንደ ዲማ ጊዮርጊስ ዕቃ ቤት ጠባቂ ነው፤ መጽሐፉን እሱ አይጽፈውም፣ የት እንዳለ ግን ያውቃል።

የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። የሠራው ድርጅት በዚያው ዓመት ቢዘጋም፣ ፕሮግራሙ ነፃና ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ሌሎች ሰዎች ቀጠሉት።

ዲሊት ያደረግነው ፋይል ወዲያው አይጠፋም፤ መጀመሪያ «ትራሽ» ውስጥ ይገባል። እዚያ ፋይሉን በማውሱ ቀኝ ቁልፍ ነክታችሁ «ሪስቶር» ስትሉት ወደ ቦታው ይመለሳል። የእኔም ተመለሰ! ነገር ግን ሺፍትና ዲሊትን አንድ ላይ ከተጫናችሁ ወይም ትራሹን ባዶ ካደረጋችሁት አለቀ፣ በቀላሉ አይገኝም።

ስለዚህ ጓደኞቼ፣ ትራሹን ሳታዩ ባዶ አታድርጉ። ውስጡ ያለው የሌላ ልጅ ልፋት ሊሆን ይችላል።

ከ7ኛ ክፍል