«የሕዝብ ዜማ ባለቤት የለውም» ያለው ማን ነው?

በአንድ የተማሪ አጭር ፊልም ላይ ወደ ድሬ ሼክ ሁሴን ለመንፈሳዊ ጉብኝት የሚጓዙ ሰዎች የሚያዜሙትን ባህሮ ሰማሁ። የሚመሩት አንዲት እናት ናቸው፤ ተቀባዮቹ በጭብጨባ ይከተሏቸዋል። በስልክ የተቀዳው ይህ ድምፅ የገባው ሁለት ሰካራሞች በሚደባደቡበት ትዕይንት ላይ ነው። ማን እንደፈቀደለት ወጣቱን ዳይሬክተር ስጠይቀው፣ ኤዲቲንግ ያስተማረው ሰው የነገረውን መለሰልኝ፦ «የሕዝብ ዜማ ነው፤ ባለቤት የለውም።»

ይህን አባባል በፊልም ተማሪዎች ዘንድ ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ፤ ያናድደኛልም። የሚያሳስተው ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው። ባህሮ ትውልድ ሲቀባበለው የመጣ የሼክ ሁሴን ውዳሴ ነው፤ ጫፉ ባላ የሆነውን ዱላ ይዞ የሚጓዝ ሁሉ ያዜመዋል። ዛሬ ተነስቶ «ዜማው የኔ ብቻ ነው» የሚል ቢመጣ ሰሚ አያገኝም።

ፊልሙ ውስጥ የገባው ግን ዜማው ብቻ አይደለም፤ የእኚያ እናት ድምፅም ነው። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው መብት ጎን የከዋኙንና የድምፅ ሪከርዲንግ አዘጋጁን መብት ለይቶ አስቀምጧል። ሕጉን እንኳ ብንተወው፣ ለውዳሴ የወጣን ድምፅ ከስካር ጠብ ጋር ማጣበቅ አማኙን መስደብ ነው። ፊልሙ በቴሌግራም ሲዞር የእናትየዋ ጎረቤቶች ምን ይሏቸዋል? «ዝም ብለህ ቅዳው» የሚሉ አሰልጣኞች ይህን አይመልሱም፤ ዕዳውን ተማሪው ላይ ጥለው ይሄዳሉ።

ትክክለኛው መንገድ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ከመቅዳታችሁ በፊት ስልኩን ኪሳችሁ ከታችሁ አዜሚዎቹን አነጋግሯቸው፤ በቋንቋቸው በኦሮምኛ፣ ካልቻላችሁ በአስተርጓሚ። ድምፃቸው የትኛው ትዕይንት ላይ እንደሚገባ ንገሯቸው። ከተስማሙ ስማቸውንና ፈቃዳቸውን በራሳቸው አንደበት ቅጂው መጀመሪያ ላይ ያስቀምጡላችሁ። ስማቸው ፊልሙ መጨረሻ ላይ ይጻፍ፤ ክፍያውንም በግልጽ ተነጋገሩ። እምቢ ካሉ ከባህሮው አካሄዱን ብቻ ውሰዱ፦ አንድ ድምፅ ይጠራል፣ ብዙ ድምፅ ይመልሳል፣ ጭብጨባው መሐል ይገባል። በዚህ አካሄድ ለክራርና ለጓደኞቻችሁ ድምፅ አዲስ ዜማ ሥሩ፤ ያኔ የፊልም ሙዚቃ ደራሲ ሆናችኋል። ካዜመው ሰው ሌላ የማኅበረሰቡን ፈቃድ የሚሰጠው ማን ነው የሚለው ግን አከራካሪ ነው፤ እኔም ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም።

«ከ10 ሰከንድ በታች አያስጠይቅም» የሚባለው ፈጠራ ነው። አዋጁ እንዲህ ያለ የሰከንድ ልክ የለውም፤ ዩቲዩብም አጭር ቅንጫቢን ለይቶ ይይዛል። «ለትምህርት ነው» የሚለውም ፊልሙ ከክፍል ወጥቶ ለውድድር ከቀረበ አያዋጣም።

የፊልም ሙዚቃ የግድ አዲስ መሆን አለበት የሚሉም አሉ። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» በጆርጋ መስፍንና በቪጄይ አየር ለፊልሙ የተሠራ ሙዚቃ ነበረው፤ ጂም ጃርሙሽ ግን በ2005 እ.ኤ.አ. «ብሮክን ፍላወርስ» በተሰኘው ፊልሙ ላይ የሙላቱ አስታጥቄን የቆዩ ሥራዎች አስገባ፣ ሙላቱም በዚያው በዓለም ዙሪያ አዲስ አድማጭ አገኘ። ሁለቱም መንገድ ያስኬዳል፤ ባለሙያው ከታወቀና ከተከበረ።

«ሙዚቃ የሌለው ትዕይንት ይሞታል» የሚሉት የሳነቴን አምባ ነፋስ በደንብ አልሰሙትም። ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው በዚያ አምባ ላይ ስልክ አውጥቶ የሚቀዳ ሰው የሚያገኘው ነፋሱን ሳይሆን ማይኩ ሲመታ የሚያወጣውን ጩኸት ነው። ማይኩን በፀጉራም መሸፈኛ ሸፍናችሁ ከቋጥኝ ጀርባ፣ ከጅብራ ቅጠል ሥር አድርጉት። ከ80 ሄርዝ በታች ያለውን ጉርምርምታ በኤዲቲንግ ቁረጡ። ከዚያ ትዕይንቱ ላይ ነፋሱ ብቻውን ይሰማ፤ ክራሩን ገጸ ባሕርዩ ቤት ገብቶ በሩን እስኪዘጋ ድረስ አታስገቡት።