የሰርቨሮችን ሸክም አከፋፍሎ የንግድን በር ክፍት ስለ ማቆየት

ለነጋዴ ከባዱ ኪሣራ ዕቃው ሳያልቅ፣ ገዥውም ሳይታጣ፣ በሩ ተዘግቶ መዋሉ ነው። በዛሬው ዘመን ደግሞ የብዙ ንግድ ቤት በር በመንገድ ዳር ብቻ የሚገኝ አይደለም። የጅምላ ደንበኛ ትእዛዙን በኢንተርኔት ይልካል፤ ቅርንጫፍ ሱቅ በመጋዘን የቀረውን ዕቃ ከዋናው መሥሪያ ቤት ሰርቨር ይጠይቃል፤ ላኪውም የጭነቱን ሰነድ ለውጭ አገር ገዥው የሚያቀርበው በዚሁ መንገድ ነው። ይህ ሁሉ ጉዳይ በአንድ ሰርቨር ላይ ከተንጠለጠለ፣ የዚያ ሰርቨር ዲስክ በተበላሸ ሰዓት ንግድ ቤቱ ተዘጋ ማለት ነው። ብልሽት ባይደርስም እንኳ በበዓል ዋዜማ ትእዛዝ ሲበረክት አንዱ ሰርቨር ከዐቅሙ በላይ ተጭኖ ደንበኛውን ሲያጉላላ ይውላል።

ለዚህ ችግር የተገኘው መፍትሔ ሥራውን ክላስተር ተብሎ ለሚጠራ የሰርቨሮች ማኅበር ማከፋፈል ነው። አሳቡ ለነጋዴ እንግዳ አይደለም፤ ገበያ በደራ ቀን ባለሱቅ አንድ ሻጭ ብቻ አያቆምም። ልዩነቱ ደንበኛው የሚያየው አንድ በር ብቻ መሆኑ ነው። ከጀርባ ስንት ሻጭ እንደ ቆመ አያውቅም፤ ማወቅም አያስፈልገውም።

በዚህ ረገድ በሰፊው ከታወቁት ዘዴዎች አንዱ በዊንዶውስ ሰርቨር ውስጥ የሚገኘው የኔትወርክ ሸክም ማከፋፈያ ነው። መሠረቱ ቫለንስ ሪሰርች የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው ፕሮግራም ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ኩባንያውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ዓ.ም. ገዝቶ ፕሮግራሙን የራሱ አድርጎታል። በዚህ ዘዴ እስከ 32 የሚደርሱ ሰርቨሮች በአንድ የጋራ የአይ ፒ አድራሻ ይጠራሉ። የደንበኛው ጥያቄ ለሁሉም ይደርሳል፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ሰርቨር የጠያቂውን አድራሻ በአንድ ዓይነት ስሌት መርምሮ፣ ድርሻው ከሆነ ይቀበላል፣ ካልሆነም ይተወዋል። ሰርቨሮቹ በየሴኮንዱ «አለሁ» የሚል መልእክት ይለዋወጣሉ። ከመካከላቸው አንዱ ለ5 ሴኮንድ ያህል ድምፁ ከጠፋ፣ የቀሩት ድርሻውን እንደ አዲስ ይከፋፈሉታል።

የአተካከሉ ሥርዐት ባጭሩ እንደሚከተለው ነው። በመጀመሪያ ሰርቨሮቹ ሁሉ በአንድ የኔትወርክ ክፍል ውስጥ ይቀመጣሉ፤ ለእያንዳንዳቸውም የማይለዋወጥ አድራሻ ይሰጣል። ቀጥሎ ፕሮግራሙ በየሰርቨሩ ላይ ተጭኖ የጋራው አድራሻ ይመዘገባል፤ እያንዳንዱም ከሌላው ጋር የማይጋጭ ተራ ቍጥር ይይዛል። ከዚያም የሚከፋፈሉት ፖርቶች ተለይተው ይወሰናሉ፤ ለድረ ገጽ ሥራ አብዛኛውን ጊዜ 80 እና 443 ይበቃሉ። በመጨረሻም አንድ ደንበኛ ሁልጊዜ ወደ አንድ ሰርቨር ይመራ ወይስ ወደ ተገኘው ይሂድ የሚለው ይቈረጣል። ወደ አንዱ ብቻ ይመራ ከተባለ፣ በአንድ አድራሻ ወደ ኢንተርኔት የሚወጡ የአንድ ትልቅ ድርጅት ሠራተኞች ሁሉ በአንዱ ሰርቨር ላይ እንደሚወድቁ ማሰብ ያስፈልጋል።

የስዊቹም ጉዳይ የሚዘነጋ አይደለም። ዩኒካስት በተባለው አሠራር ሰርቨሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መለያ ስለሚይዙ፣ ስዊቹ ለይቶ ማድረስ አይችልምና መልእክቱን ወደ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ይበትነዋል። በዚያው ስዊች ላይ የገንዘብ መቀበያው ኮምፒዩተርና የማተሚያው መሣሪያ ቢገኙ ትርፍ ሸክም ይወድቅባቸዋል። ስለዚህ ለክላስተሩ የተለየ የኔትወርክ ክፍል ማበጀት ይገባል።

ይሁን እንጂ ሰርቨር ማብዛት ብቻውን ለንግዱ ዋስትና አይሆንም። ዋስትና የሚሆነው ሦስት ነገሮች ሲሟሉ ነው።

አንደኛው መዝገቡ አንድ መሆኑ ነው። በመጋዘን የቀረው ሲሚንቶ 10 ከረጢት ቢሆንና እያንዳንዱ ሰርቨር የየራሱን መዝገብ ቢይዝ፣ እነዚያው 10 ከረጢቶች ለሁለት ደንበኞች ይሸጣሉ። ስለዚህ የሚከፋፈለው ደንበኛን የማስተናገዱ ሥራ ሲሆን፣ የዕቃና የገንዘብ መዝገቡ ሁሉም በሚደርሱበት በአንድ ዳታቤዝ መያዝ አለበት። ዳታቤዙም በፈንታው የራሱ ተጠባባቂ ያስፈልገዋል፤ ይህ ማከፋፈያ ለዚያ የተሠራ አይደለም።

ሁለተኛው ምርመራው እውነተኛ መሆኑ ነው። ከላይ የተነገረው የየሴኮንዱ መልእክት ሰርቨሩ በሕይወት መኖሩን እንጂ ሥራውን መሥራቱን አይናገርም። የሽያጩ ፕሮግራም ቆሞ ሰርቨሩ ግን ቢበራ፣ ከ3 ሰርቨሮች መካከል የአንዱን ድርሻ የያዙት ደንበኞች ዕለቱን ሙሉ ባዶ ገጽ ሲያዩ ይውላሉ፤ ባለቤቱም ሁሉ ደኅና ይመስለዋል። ስለሆነም ገጹን ራሱን እየጠየቀ፣ መልስ ያጣበትን ሰርቨር ከተራው የሚያወጣ ተቈጣጣሪ መጨመር የግድ ነው። እንደ ኤች ኤ ፕሮክሲ ያሉ፣ ከሰርቨሮቹ ፊት ቆመው የሚያከፋፍሉ ፕሮግራሞች ይህን ምርመራ ራሳቸው ያደርጋሉ። ነገር ግን ከፊት የቆመው ማከፋፈያ አንድ ብቻ ከሆነ፣ እርሱ ሲወድቅ ሁሉም ይወድቃልና ሁለት ሆኖ መተከል አለበት።

ሦስተኛው የዐቅም ትርፍ ነው። ይህም በተራ ሒሳብ ይታወቃል። 3 ሰርቨሮች እያንዳንዳቸው ከዐቅማቸው 60 በመቶ ሲሠሩ አንዱ ቢወድቅ፣ የቀሩት ሁለቱ 90 በመቶ ይሸከማሉ፤ ሥራውም ይቀጥላል። 70 በመቶ ሲሠሩ ቢሆን ግን በእያንዳንዱ ላይ 105 በመቶ ይወድቅበታልና ሁለቱም ይከተላሉ። ሰርቨሮቹ ሁለት ብቻ ከሆኑ ደግሞ ማንኛቸውም ከግማሽ ዐቅማቸው በላይ ሊጫኑ አይገባም። ሚዛኑም የሚወሰደው በገበያው ቀን እንጂ በቀዝቃዛው ወር አይደለም።

ባለሙያ ቀጥሮ ይህን ሥራ የሚያሠራ ነጋዴ የኮምፒዩተር ሊቅ መሆን አይጠበቅበትም፤ ዕቃ ሲረከብ እንደሚያደርገው ሁሉ ፈትኖ መረከብ ግን መብቱም ግዴታውም ነው። ፈተናው ቀላል ነው። ሥራ በቀነሰበት ሰዓት ትእዛዝ እየተቀበሉ ሳለ የአንዱን ሰርቨር የኔትወርክ ገመድ መንቀል፤ ቀጥሎም ገመዱን መልሶ የሽያጩን ፕሮግራም ብቻ ማቆም። በሁለቱም ጊዜ ደንበኛው ከጥቂት ሴኮንድ መዘግየት በስተቀር ችግር ሳይገጥመው ትእዛዙ በመዝገብ አንድ ጊዜ ብቻ ከተጻፈ፣ ሥራው በደንብ ተሠርቷል። ካልሆነ ግን የመጨረሻውን ክፍያ ማቈየት ይሻላል። ጉድለቱ በፈተና ቀን ቢገለጥ የሚጠፋው ጥቂት ሰዓት ነው፤ በበዓል ዋዜማ ቢገለጥ የሚጠፋው ደንበኛ ነው።