ከሱቅ የወጣ ምላጭ ገና አይላጭም

(ድምፅ፦ እርጥብ ድንጋይ ላይ ብረት ሲንሸራተት። ድምፁ ቀስ እያለ ይቀንሳል።)

ተራኪ፦ የምትሰሙት ምላጭ ሲሳል ነው። በወረቀት ተጠቅልላ የምትሸጠው ስስ ምላጭ አይደለችም። ጀርባው ወፍራም፣ አፉ ስስ የሆነው፣ እጀታው ውስጥ ገብቶ የሚታጠፈው ምላጭ ነው። በአዊ ዞን፣ ጥርባ ያለ አንድ ወጣት ጺሜን በእንዲህ ያለ ምላጭ፣ በገዛ እጄ ልላጭ ቢል ከየት ይጀምራል? ከመነሻው አብረነው እንሂድ። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ ይወቅ፤ ታጣፊ ምላጭ፣ ዋጋው ምንም ያህል ይሁን፣ ብዙ ጊዜ ከሱቅ እንደወጣ ጺም አይላጭም። ገንዘቡ የሚከፈለው ለብረቱ ነው። ስለቱን የሚያወጣለት ባለቤቱ ነው።

ምላጭ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የገጠሩ ቀጥቃጭ ማጭድና ማረሻ በሚያወጣበት ወናፍ ምላጭም ይሠራ ነበር። የልጆች ቁንጮ ዙሪያው የሚላጨው፣ ሐዘን የደረሰበት ሰው ራሱን የሚላጨው በዚያ ምላጭ ነበር። ላጪውም እጁ የማይንቀጠቀጥ ዘመድ ወይም ጎረቤት ነበር። ዛሬ ቀጥቃጩ በብዛት የሚሠራው ከመኪና በወጣ ባሌስትራ ነው። ባሌስትራ ለቢላና ለማጭድ ግሩም ብረት ነው፤ በውስጡ ያለው ካርቦን ግን 0.6 በመቶ ገደማ ነው። የእንግሊዝ ሼፊልድና የጀርመን ዞሊንገን ምላጭ ሠሪዎች የሚመርጡት ብረት 1 በመቶና ከዚያ በላይ ካርቦን አለው። ካርቦኑ ከፍ ሲል ብረቱ ግሎ ሲነከር ይበልጥ ይጠነክራል፤ ጺም የሚቆርጥ ስስ አፍም ሳይታጠፍ ይቆያል። የባሌስትራ ምላጭ አይላጭም ማለት አይደለም፤ ቶሎ ይደንዛል እንጂ።

ታጣፊውን ምላጭ ከገበያ ያስወጣው ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለ አሜሪካዊ ነጋዴ ነው። መሳል የማያስፈልገው፣ ሲደነዝ የሚጣል ስስ ምላጭ አመጣ። እ.ኤ.አ. በ1903 የተሸጠለት 51 መላጫና 168 ምላጭ ብቻ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት የተሸጠው መላጫ ከ90 ሺህ አለፈ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ አደለው፤ ከዚያ ወዲህ ምላጩን ሊስል ድንጋይና ቆዳ ይዞ የሚቀመጥ ወንድ እያነሰ ሄደ።

እኛ ዘንድ ሌላ ምክንያትም ተጨመረ። እ.ኤ.አ. በ1986 በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማን ታወቁ። ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ የሚለው ምክር በየሬዲዮው፣ በየትምህርት ቤቱ ተደጋገመ። ፀጉር አስተካካዩ ደንበኛው እያየ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አውጥቶ፣ ለሁለት ሰብሮ፣ ግማሿን መያዣው ላይ መሰካት ለመደ። መያዣው ሲያዩት ታጣፊ ምላጭ ይመስላል፤ ነገር ግን ስለቱ የአንድ ሰው ብቻ ሆኖ ይጣላል። ይህ ሊቀር የማይገባው ልማድ ነው። የምንናገርለት ታጣፊ ምላጭ ቤት ውስጥ ለአንድ ሰው እንጂ ለፀጉር ቤት አይሆንም።

(ድምፅ፦ የገበያ ጫጫታ፣ የመኪና ጥሩንባ።)

ተራኪ፦ ከጥርባ ለግዢ የተነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ዳንግላና እንጅባራ ነው። ሱቅ ገብቶ «ምላጭ» ሲል የሚቀርብለት ግን ስሷ ምላጭና መያዣዋ ነው። ዋናውን የሚፈልግ አዲስ አበባ፣ መርካቶ ምናለሽ ተራ ከአሮጌ ዕቃ መካከል ዕድሉን ይሞክር፤ አለበለዚያ ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ አደራ ይበል። አሮጌ መሆኑ አያስፈራ። በደህና የተያዘ የሼፊልድ አሮጌ ምላጭ እጀታው በዘንዶ ሥዕል ካጌጠ ርካሽ አዲስ ምላጭ ይሻላል። ባለ ዘንዶው ለግድግዳ ጌጥ ነው።

ሲገዙ መጀመሪያ የሚታየው አፉ ነው። ትንሽ ሽራፊ በድንጋይ ይወጣል፤ ስንጥቅ ግን መድኃኒት የለውም። በገላው ላይ ያለ ዝገት ይጸዳል፤ አፉን የበላ ዝገት ግን ብረቱን ሰርስሮት ሊሆን ስለሚችል ይተዉት። ምላጩን መስታወት ላይ አጋድሙት፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ጠማማ ነው፣ መልሱት። ስፋቱ 16 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆን ለጀማሪ ይመቻል። ሻጩ «ወንድሜ፣ ይሄ እኮ እሳት ነው!» ቢላችሁም ፈገግ ብላችሁ እለፉት።

ከግዢ በኋላ ብዙ ሰው ወደ ቢላ ሳይ ይሄዳል። እንዳትሄዱ። የሚሽከረከረው ሞረድ ለወጥ ቤት ቢላ ነው። የምላጭ አፍ እጅግ ስስ ስለሆነ በአንድ አፍታ ይግላል፤ ሙቀቱ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድን ሲያልፍ ብረቱ ጥንካሬውን ማጣት ይጀምራል። አፉ ላይ ሰማያዊ ቀለም ከታየ ያ ቦታ ስለት አይይዝም።

የሚፈለገው ጠፍጣፋ የውሃ መሳያ ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በቁጥር ይለያል፤ ቁጥሩ ከፍ ሲል ልስላሴው ይጨምራል። 1000 ቁጥሩ የደነዘውን አፍ ይቀርጻል፤ 4000 ወይም 5000ው የፊተኛውን ጭረት ያጠፋል፤ ከ8000 እስከ 12000 ያለው ያለሰልሳል። ማጭድ የምንስልበት የወንዝ ድንጋይ ለዚህ ሥራ ሻካራ ነው፤ መካከሉም ብዙ ጊዜ ጎድጓዳ ነው። እውነቱን ለመናገር የድንጋዮቹ ዋጋ ከምላጩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ለመቆጠብ ብሎ ታጣፊ ምላጭ የሚገዛ ሰው ከወዲሁ ይተወው።

የቢላ አሳሳል የሚከብደው ምን ያህል እንደሚጋደም እጅ መገመት ስላለበት ነው። ታጣፊ ምላጭ ይህ ችግር የለበትም። ጀርባውና አፉ አንድ ላይ ድንጋዩ ላይ ይተኛሉ፤ ማዕዘኑን የሚወስነው የጀርባው ውፍረት ነው፤ ሁልጊዜም ያው ነው። ስለዚህ ጀርባውን በፍጹም ከድንጋዩ አታንሱ። አፉ ቀድሞ ይገፋል፤ ዳር ሲደርስ በጀርባው ተገልብጦ በሌላው ጎኑ ይመለሳል። በተለይ ልስልሶቹ ድንጋዮች ላይ እጅ አይጫን፤ ስስ አፍ ሲጫኑት ይጎብጣል።

ብዙዎችን የሚያሸንፋቸው 1000ው ድንጋይ ላይ መቸኮላቸው ነው። የሁለቱ ጎን ስለት ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይገናኝ ወደ 12000 ያለፈ ሰው የሚያገኘው የሚያብለጨልጭ ደነዝ ምላጭ ነው። መገናኘቱን ማወቅ ቀላል ነው፤ አፉን ወደ ላይ አድርጋችሁ ከመብራት ስር እዩት። የተሳለ አፍ ብርሃን አይመልስም። አንድ ነጥብ እንኳ ካበራ፣ እዚያ ቦታ ገና ነው።

(ድምፅ፦ ቆዳ ላይ ብረት ሲመላለስ።)

ተራኪ፦ ከድንጋዩ ቀጥሎ ቆዳ ነው። አዊ የፈረስ አገር ነው፤ በየዓመቱ ጥር 23 የአገው ፈረሰኞች በዓል እንጅባራ ላይ ይከበራል። ኮርቻና ልጓም የሚሠራ እጅ ባለበት አገር ወፍራም፣ ልስልስ፣ ስፌት የሌለው ጠፍር ማስቆረጥ አይቸግርም። ስፋቱ 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይሁን። እዚህ ጋ አካሄዱ ይገለበጣል፤ ቆዳ ላይ የሚቀድመው ጀርባው ነው፣ አፉ ይከተላል። አፉን ያስቀደመ ጠፍሩን ይቆርጣል። ከመላጨት በፊት 30 ወይም 40 ጊዜ ማመላለስ ይበቃል።

የመጀመሪያው ቀን ጉንጭ ብቻ ይላጭ። አገጭና አንገት ጎርበጥባጣ ናቸውና እጅ እስኪለምድ ይቆዩ። ፊትን ለብ ባለ ውሃ 2 ወይም 3 ደቂቃ ማራስ ጺሙን ያለሰልሰዋል፤ ከዚያ ወፈር ያለ የሳሙና አረፋ። ምላጩ ከቆዳው 30 ዲግሪ ያህል ቀና ብሎ፣ አንድ እጅ ቆዳውን ወጠር አድርጎ፣ በፀጉሩ አበቃቀል አቅጣጫ ይወርዳል። ጸጉራችን ከርዳዳ የሆነ ሰዎች በተቃራኒው እንዳንላጭ። እጅግ አጥብቆ የተቆረጠ ከርዳዳ ጺም ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ያድግና አንገትን በሽፍታ ይሞላል። ትንሽ ጺም ቢቀር ይሻላል።

የአዊ ክረምት ረጅም ነው፤ ካርቦን የበዛበት ብረት ደግሞ እርጥበት አይወድም። ተላጭታችሁ ስታበቁ ምላጩን አጥባችሁ አድርቁት፣ በስሱ ዘይት ቀቡት፣ ከመታጠቢያ ቦታ አርቃችሁ አስቀምጡት።

ምላጭ ስለ መዋዋስ አንድ ቃል ይቀራል፤ የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን የመበከል አቅሙን ይዞ ይቆያል፤ ለዓይን የማትታይ የደም ቅሪት ትበቃዋለች። ታጣፊ ምላጭ ደግሞ ተጠቅመው የሚጥሉት አይደለም። ስለዚህ ወንድምም ይጠይቅ አባት፣ ምላጫችሁን አታውሱ። ድንጋዩንና ቆዳውን አሳዩዋቸው፤ የየራሳቸውን ምላጭ ይግዙ።