የእናታችን ስለት

ወንድማችሁን ዘግታችሁት ታውቃላችሁ? እኔ ሦስት ዓመት ሙሉ ዘግቼዋለሁ።

ጣጣው የመጣው በቤት ነው። እናታችን ስታርፍ አዲስ አበባ ውስጥ አንዲት አነስተኛ ቤት ትታልን ሄደች። እሱ «ይሸጥ» አለ፣ እኔ «በጭራሽ!» አልኩ። ከዚያ በኋላ ሰላምታም ቀረ።

እናቴ ከቤቱ ሌላም የተወችው ነገር ነበር፤ ለግሸን ማርያም የተሳለችው ጃንጥላ። ገዝታ ቁም ሣጥን ውስጥ እንዳስቀመጠችው ሞት ቀደማት። በ2011 ዓ.ም. መስከረም ሲጠባ «እኔ አደርስላታለሁ፤ እሱ ምን አገባው!» ብዬ ብቻዬን ደሴ ገባሁ። እውነቱን ልንገራችሁ? ስለቱን ከማድረሴ ይልቅ እሱን መቅደሜ ነበር ደስ ያሰኘኝ።

ከበዓሉ በፊት አርዲቦ ሐይቅ አጠገብ የምትኖረውን አክስቴን ልጠይቅ ሄድኩ። አክስቴ ሙስሊም ናት፣ እናቴ ክርስቲያን ነበረች፤ ወሎ ውስጥ ይሄ ብርቅ አይደለም። ቡናውን አፍልታ፣ ዱዓ አድርጋ ስታበቃ «ወንድምሽስ?» አለችኝ። ዝም አልኩ። በእጇ ወደ ውኃው አመለከተች።

«አየሽ ልጄ፣ አርዲቦ ከላይ ነው፣ ሐይቅ ከታች። አንካርካ ወንዝ ከዚህ ወጥቶ እዚያ ይገባል። ታላቅና ታናሽም እንዲሁ ነው። ስለቱ የእናታችሁ ነው፤ ላንቺ ብቻ አልተወችውም።»

ማታውኑ ደወልኩለት። «የእማዬን ስለት ይዣለሁ፣ ትመጣለህ?» ከማለት በቀር ሌላ ቃል ከአፌ አልወጣም። በማግስቱ ደሴ ከተፍ አለ።

ግሸንን ላላያችሁት፦ አምባሰል ውስጥ የሚገኝ፣ ዙሪያው ገደል፣ አናቱ የመስቀል ቅርጽ ያለው አምባ ነው። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ግማደ መስቀሉን የመስቀል ቅርጽ ባለው ቦታ እንዲያኖሩ በራእይ ተነግሯቸው እዚያ እንዳሳረፉት ይተረካል። ከግራኝ ጦርነት በፊት ደግሞ ነገሥታቱ ዙፋን እንዳይሻሟቸው ወንድሞቻቸውንና ዘመዶቻቸውን የሚያግዙበት ቦታ ነበር። እስቲ አስቡት! ወንድም በውርስ ምክንያት ወንድሙን የዘጋበት ተራራ ላይ ነው እኔና እሱ ልንወጣ የተነሣነው።

የበዓሉ ዋዜማ፣ መስከረም 20፣ ዳገቱ በነጭ ነጠላ ተሸፍኗል። ሽማግሌው በምርኩዝ፣ እናቶች ልጅ አዝለው፣ ወጣቱ እየዘመረ ይወጣል። እኛ ግን ጭጭ! ግማሽ መንገድ ላይ ጉልበቴ ከዳኝ። ዞር አለና «አምጪው» አለኝ። ከሦስት ዓመት በኋላ ፊት ለፊት የተናገረኝ የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነው። ጃንጥላውን ሰጠሁት። ሌሊቱን አንድ ጋቢ ለሁለት ለብሰን አደርን።

በማግስቱ ስለቱን ስናስረክብ ወንድሜ እንደ ልጅ አለቀሰ። እኔስ ብትሉ... ተዉት!

ቤቱስ? አልተሸጠም። ኪራዩን ለሁለት እንካፈላለን፤ አልፎ አልፎም እንጨቃጨቃለን። ግን እንነጋገራለን።

ለመሄድ የምታስቡ ካላችሁ አስቀድማችሁ የመንገዱን ሰላም አጣሩ። እግራችሁ የለመደውን ጫማ አድርጉ፤ ጋቢ፣ ውኃና በሶ አትርሱ። የዘጋችሁት ሰው ካለ ደግሞ ለመደወል መስከረም 21ን አትጠብቁ።