ዋርማሽን ባለቤት ቀየረ፤ የተጫዋቹስ ዕጣ?

የአሜሪካው ፕራይቬቲር ፕረስ «ዋርማሽን» የተባለውን ጨዋታ እ.ኤ.አ. በ2024 ለእንግሊዙ ስቲምፎርጅድ ጌምስ ሸጧል። ስሙ ለብዙዎቻችን እንግዳ ሊሆን ይችላል። ጥያቄው ግን እንግዳ አይደለም፦ ትንሽ ድርጅት ሲሸጥ ደንበኛው ምን ይውጠዋል?

መጀመሪያ ጨዋታው ምንድን ነው? ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ላይ ትንንሽ የተዋጊ ምስሎችን ያሰልፋሉ፤ ርቀት እየለኩ፣ ዳይስ እየጣሉ ይዋጋሉ። ምስሎቹን ገጣጥሞ ቀለም የሚቀባው ራሱ ተጫዋቹ ነው። አንድ ሰራዊት ለማዘጋጀት ወራት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ደንበኛው ያወጣው ብር ብቻ ሳይሆን ጊዜም ጭምር ነው።

በ2003 የወጣው ዋርማሽን በአንድ ወቅት የታዋቂው ዋርሃመር ተፎካካሪ ነበር። ከ2016ቱ ሦስተኛ እትም በኋላ ግን ተጫዋቹ እየሳሳ መጣ። በ2022 አራተኛው እትም ሲመጣ አዳዲሶቹን ምስሎች በስሪዲ ፕሪንተር ማተም ተጀመረ።

አዲሱ ባለቤት ምን ይዞ መጣ? አቅም አለው። በ2016 ለዳርክ ሶልስ የቦርድ ጨዋታ ከደጋፊዎች ከ3.7 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ሰብስቧል። በሌላ በኩል ድርጅቱን ያስጀመረውን «ጊልድ ቦል» የተባለ ጨዋታ ራሱ አቁሞታል። የተጫዋቾች ስጋትም ከዚህ ይነሳል፦ የራሱን የበኩር ልጅ የተወ፣ የሰውን ያሳድጋል ወይ?

ከዚህ በፊት የሆነውን እንይ። የእንግሊዙ ስፓርታን ጌምስ በ2017 ሲዘጋ ጨዋታዎቹን ዌይላንድ ጌምስ በሳምንታት ውስጥ ገዛቸው። ስማቸው ተረፈ። ዲስቶፒያን ዋርስ በአዲስ እትም እስኪመለስ ግን ሦስት ዓመት ገደማ ፈጀ። ዓመታት ሲጠበቅ ደግሞ አብሮ የሚጫወት ሰው ይበተናል፤ ይሄ ጨዋታ ለብቻ አይሆንም።

እንደ እኛ እይታ፣ በዚህ ንግድ የሚሸጠው ስምና ሕግ ቢሆንም ዋናው ሀብት የተጫዋቹ እምነት ነው። እሱ ደግሞ በውል አይተላለፍም። ስለዚህ ሦስት ነገር መከታተል ይበጃል፦ አዳዲስ ምስሎች በጊዜው ይወጣሉ ወይ? አሮጌዎቹ ጠረጴዛ ላይ ቦታ አላቸው ወይ? ሕጉስ ቶሎ ቶሎ ይቀያየራል?

እናንተስ፣ የምትወዱት ነገር ባለቤት ሲቀይር ትቆያላችሁ ወይስ ትሄዳላችሁ? ሐሳባችሁን አጋሩን።